ባለቤትነትና ክብር፦ የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን የጎልፍ ሻምፒዮና ዐቢይነት ምንጭ

አኅጽሮተ ጽሑፍ

ይህ አጭር ጽሑፍ ከአምስቱ የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ዐቢይ ሻምፒዮናዎች አንዱ የሆነውን የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን መነሻ በማድረግ፣ አንድ ውድድር «ዐቢይ» የሚለውን ስም በምን እንደሚያገኝና በምን ይዞት እንደሚቆይ ይመረምራል። የባለቤትነት፣ የደንብ አፈጻጸም፣ የተሳትፎ መብት፣ የመወዳደሪያ ሜዳና የሽልማት ገንዘብ ጉዳዮች በየተራ ይታያሉ። ጽሑፉ የሚከራከረው የሻምፒዮናው ክብር በዋናነት የመነጨው ከሽልማቱ መጠን ሳይሆን ውድድሩ በ1953 ከተጫዋቾቹ ማኅበር ወደ ቋሚ የደንብ አውጪ አካል ከመዛወሩ ነው በማለት ነው። ይኸው ዝውውር ግን ዋጋ ነበረው፤ ተጫዋቾቹ ቀጣይነትን ሲያገኙ በገዛ ውድድራቸው ላይ የመወሰን ሥልጣናቸውን አሳልፈው ሰጥተዋል። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ቁልፍ ቃላት፦ የሴቶች ስፖርት፣ ጎልፍ፣ ዐቢይ ሻምፒዮና፣ የስፖርት አስተዳደር፣ የሽልማት ገንዘብ

መግቢያ

በ1946 በዩናይትድ ስቴትስ ሰሜን ምዕራብ፣ በዋሽንግተን ግዛት በምትገኘው ስፖኬን ከተማ፣ ፓቲ በርግ የተባለች የጎልፍ ተጫዋች ቤቲ ጄምሰንን በፍጻሜው ግጥሚያ አሸንፋ የመጀመሪያዋ የሴቶች ኦፕን ሻምፒዮን ሆነች። ሽልማቷ 5,600 ዶላር የሚያወጣ የጦርነት ቦንድ ነበር። ከ11 ዓመት በኋላ፣ በ1957፣ ይኸው ሻምፒዮና በኒው ዮርክ ግዛት ሲካሄድ አሸናፊዋ ያገኘችው 1,800 ዶላር ብቻ ነው። በ2024 ደግሞ የአንደኛነት ሽልማቱ 2.4 ሚሊዮን ዶላር ደርሷል።

የአንድ ውድድር ክብር በገንዘብ ብቻ የሚለካ ቢሆን ኖሮ፣ የሴቶች ኦፕን በ1946 ከፍ ብሎ፣ በ1957 ዝቅ ብሎ፣ በዘመናችን እንደገና ከፍ አለ ማለት በተገባ ነበር። የሻምፒዮናው ታሪክ የሚያሳየው ግን ከዚህ የተለየ ነው። ውድድሩ በስፖርቱ ዓለም የማይናወጥ ስፍራ የያዘው የሽልማቱ ገንዘብ አነስተኛ በነበረባቸው ዓመታት ነው። እንግዲህ የክብሩ ምንጭ ሌላ ስፍራ ሊፈለግ ይገባል። የሴቶች ስፖርት የሚቋቋምበትንና የሚጸናበትን መንገድ ለሚያጠኑ ተመራማሪዎች ይህ ጥያቄ ከጎልፍ ሜዳ አልፎ የሚሄድ ነው፤ ውድድሩን ያቋቋመው ማን ነው? የሚመራውስ? የሚከፍለውስ? ከሚሉ ጥያቄዎች ጋር የተያያዘ ነውና።

«ዐቢይ» የሚለው ስያሜ

የጎልፍ ውድድር በአብዛኛው 18 ጉድጓዶች ባሉት ሜዳ ላይ ለአራት ቀናት ይካሄዳል። ተጫዋቿ በየቀኑ 18ቱን ጉድጓዶች አንድ ጊዜ ትጨርሳለች፤ በአራቱ ቀናት ድምር፣ ማለትም በ72 ጉድጓዶች፣ ኳሷን በጥቂት ምት ያስገባችው ታሸንፋለች። አንዱ ሜዳ ከሌላው በርዝመት፣ በመሬት አቀማመጥ፣ በሣርና በነፋስ ስለሚለያይ የአንዱ ዓመት ውጤት ከሌላው ዓመት ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም። በሩጫ ስፖርት ሰዓት የሚሰጠው ዓይነት ቋሚ መለኪያ በጎልፍ የለም። በዚህም ምክንያት የአንዲት ተጫዋች ታላቅነት የሚመዘነው ባስመዘገበችው ቁጥር ሳይሆን በአብዛኛው ባሸነፈቻቸው ውድድሮች ማንነት ነው። የጎልፍ ሰዎች «ሜጀር» የሚሏቸውና እዚህ ዐቢይ ሻምፒዮና የተባሉት ውድድሮች ትርጉም የሚመነጨው ከዚሁ ነው።

በሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ የትኛው ውድድር ዐቢይ እንደሆነ የሚሰይመው በምህጻሩ ኤልፒጂኤ የሚባለው የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፍ ማኅበር ነው። በአሁኑ ጊዜ አምስት ናቸው፤ እነርሱም የቼቭሮን ሻምፒዮና፣ የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን፣ የሴቶች ፒጂኤ ሻምፒዮና፣ በፈረንሳይ የሚካሄደው የኤቪያን ሻምፒዮናና የብሪታንያ የሴቶች ኦፕን ናቸው። ይህ ዝርዝር ግን ጸንቶ የቆየ አይደለም። ቀድሞ ዐቢይ ይባሉ የነበሩት የሴቶች ዌስተርን ኦፕንና የታይትልሆልደርስ ሻምፒዮና ዛሬ የሉም። በካናዳ ይካሄድ የነበረውና በሲጋራ አምራች ስም የሚጠራው የዱ ሞሪዬ ውድድር ከ1979 ጀምሮ ዐቢይ ሆኖ ቆይቶ፣ የአገሪቱ ሕግ የትምባሆ ኩባንያዎችን ስፖንሰርነት በመገደቡ ከ2000 በኋላ ማዕረጉን አጣ፤ ስፍራውንም የብሪታንያ የሴቶች ኦፕን ወሰደ። የዛሬው የቼቭሮን ሻምፒዮና በ1972 በሳሙናና በጥርስ ሳሙና አምራቹ በኮልጌት ስም ተጀምሮ፣ ከዚያ በናቢስኮ፣ በክራፍት ናቢስኮና በጃፓኑ አየር መንገድ በኤኤንኤ ስም ሲጠራ ቆይቷል፤ በ2023ም ከተወለደባት ከካሊፎርኒያ ወደ ቴክሳስ ተዛውሯል።

የዚህ አለመጽናት ውጤት በአንዲት ተጫዋች ታሪክ ውስጥ በግልጽ ይታያል። ፓቲ በርግ 15 ዐቢይ ሻምፒዮናዎችን በማሸነፍ እስከ ዛሬ በሴቶች ጎልፍ ቀዳሚ ናት። ከእነዚህ ውስጥ ሰባቱን በታይትልሆልደርስ፣ ሰባቱን በዌስተርን ኦፕን፣ አንዱን ደግሞ በስፖኬን አገኘች። ስለዚህ ከ15ቱ ድሎቿ 14ቱ የተገኙት ዛሬ በሌሉ ውድድሮች ነው። አንድ ውድድር ሲጠፋ የአሸናፊዎቹ ስም በመዝገብ ቢቀርም፣ ያንን ስም በየዓመቱ የሚያስታውስ መድረክ አይኖርም። ከ1950 ጀምሮ፣ ማለትም ኤልፒጂኤ ከተመሠረተበት ዓመት አንሥቶ፣ ሳይቋረጥ በዐቢይነት የተቆጠረው ብቸኛው ውድድር የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን ነው። ሌሎቹ ሲጠፉና ስም ሲለውጡ ይህ ለምን ጸና የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው በባለቤትነቱ ታሪክ ውስጥ ነው።

ከተጫዋቾች እጅ ወደ ማኅበር እጅ፣ ከ1946 እስከ 1953

በምህጻሩ ዩኤስጂኤ የሚባለው የዩናይትድ ስቴትስ የጎልፍ ማኅበር በ1894 ተቋቋመ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1895፣ ለወንዶች ኦፕንን፣ ለሴቶች ደግሞ የአማተር ሻምፒዮናን ጀመረ። ሴቶች በብሔራዊ ደረጃ የመወዳደር ዕድል ከመጀመሪያው አልተነፈጋቸውም ማለት ነው፤ የተነፈጋቸው በጨዋታው የመተዳደር ዕድል ነው። ገንዘብ የተቀበለች ተጫዋች የአማተርነት መብቷን ታጣለች፤ መብቷን ካጣች በኋላ ግን የምትወዳደርበት መድረክ እጅግ ጥቂት ነበር። ስለዚህ እንደ በርግ ያሉ ፕሮፌሽናሎች በአብዛኛው የሚተዳደሩት ለስፖርት ዕቃ አምራቾች እየሠሩና በየክለቡ እየዞሩ ትርኢት እያሳዩ ነበር።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1944 ሆፕ ሴይግኒየስ፣ ቤቲ ሂክስና ኤለን ግሪፊን የመጀመሪያውን የሴቶች ፕሮፌሽናል ጎልፈኞች ማኅበር መሠረቱ። የ1946ቱን የስፖኬን ውድድር ያዘጋጀው ይህ ማኅበር ነው። ጠቅላላ ሽልማቱ 19,700 ዶላር ሲሆን፣ ገንዘቡን ያቀረበው በከተማዋ የሚገኝ የወንዶች ወንድማማች ማኅበር ነበር፤ ምንጩም ማኅበሩ ያስቀመጣቸው የቁማር መጫወቻ ማሽኖች ነበሩ። ያ ልግስና የአንድ ጊዜ ሆኖ ቀረ። በ1947 ውድድሩ ወደ ሰሜን ካሮላይና፣ ወደ ግሪንስቦሮ ከተማ ተዛወረ፤ አሠራሩም ከአንድ ለአንድ ግጥሚያ ወደ ምት ድምር ተለወጠ። ቤቲ ጄምሰንም 72ቱን ጉድጓዶች በ295 ምት ጨርሳ አሸነፈች፤ በዚህም በ72 ጉድጓዶች ውድድር ከ300 ምት በታች ያስመዘገበች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። የሽልማቱ ገንዘብ ግን ዳግም ወደ ስፖኬኑ ደረጃ አልተመለሰም፤ የበርግ 5,600 ዶላር ከ20 ዓመታት በላይ በየትኛዋም የውድድሩ አሸናፊ አልተደረሰበትም።

መሥራቹ ማኅበር በገንዘብ እጥረት ሲዳከም በ1949 ውድድሩን አዲስ በመቋቋም ላይ የነበረው ኤልፒጂኤ ተረከበው። ኤልፒጂኤ በ1950 በሕጋዊ መንገድ ሲመሠረት መሥራቾቹ 13 ሴቶች ነበሩ፤ ከእነርሱም ውስጥ በርግ፣ ጄምሰን፣ ሉዊዝ ሰግስና ቤብ ዲድሪክሰን ዛሃሪያስ ይገኙበታል። እነዚህ ሴቶች ጨዋታውን ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይሠሩ ነበር፤ ሜዳ ያዘጋጃሉ፣ ደንብ ይተረጉማሉ፣ ከስፖንሰር ጋር ይደራደራሉ፣ ለጋዜጦች ወሬ ያቀብላሉ። ነጻነታቸው ሙሉ ነበር፤ ሆኖም ለብሔራዊ ሻምፒዮና የማይመች አንድ ጉድለት ነበረበት። የተወዳዳሪዋ ዳኛ ሌላዋ ተወዳዳሪ ናት። በመካከላቸው ክርክር በተነሣ ጊዜ ከሁለቱም በላይ ቆሞ የሚፈርድ አካል አልነበረም።

በ1953 ኤልፒጂኤ ሻምፒዮናውን እንዲያካሂድለት ዩኤስጂኤን ጠየቀ፤ ጥያቄውም ተቀባይነት አገኘ። ይህ ውሳኔ ከውጭ የተጫነ አልነበረም። ተጫዋቾቹ በገዛ እጃቸው ያቋቋሙትን ውድድር በገዛ ፈቃዳቸው አስረከቡ። ያገኙት ደግሞ ሦስት ነገር ነው፤ በየዓመቱ መካሄዱ በአንድ ለጋስ ፈቃድ ላይ የማይንጠለጠል ውድድር፣ ከተወዳዳሪዎቹ ውጭ የሆነ ዳኛ፣ እንዲሁም ወንዶች ከሚወዳደሩበት ኦፕን ጋር በአንድ ተቋም ጥላ ሥር መዋል። በሁለተኛው ዓመት፣ በ1954፣ ቤብ ዛሃሪያስ የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና ካደረገች ከአንድ ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ ግዛት በሳሌም ካንትሪ ክለብ በ12 ምት ልዩነት አሸነፈች። ዛሃሪያስ በ1956 ዐረፈች። የመጨረሻው ዐቢይ ድሏ የተመዘገበበት ውድድር ግን እስከ ዛሬ በየዓመቱ ይካሄዳል፤ ስሟም በየዓመቱ ይነሣል።

የደንቡ ዋጋ፦ ዊንግድ ፉት፣ 1957

ዝውውሩ ያስከተለው ዋጋ ከአራት ዓመት በኋላ በኒው ዮርክ ግዛት በሚገኘው በዊንግድ ፉት ክለብ ታየ። የሃዋይ ተወላጇ ጃኪ ፐንግ አራቱን ዙሮች በ298 ምት ጨርሳ ቤትሲ ሮውልስን በአንድ ምት በልጣ ነበር። ሁለቱ ቀድሞም ይተዋወቃሉ፤ ዩኤስጂኤ ባካሄደው በመጀመሪያው ውድድር፣ በ1953 በሮቸስተር፣ እኩል ጨርሰው ሮውልስ በመለያ ጨዋታ አሸንፋ ነበር። በዊንግድ ፉት ድሉ የፐንግ መሰለ።

በጎልፍ ደንብ መሠረት ተጫዋቾች የውጤት ካርድ የሚመዘግቡት አንዷ ለሌላዋ ነው፤ ባለቤቷም አይታ ትፈርማለች። ፐንግ በመጨረሻው ዙር በአራተኛው ጉድጓድ ላይ ስድስት ምት መትታ ሳለ በካርዷ ላይ የተጻፈው አምስት ነበር። የዙሩ ድምር ሆኖ የሰፈረው 72 ግን ትክክለኛው ነበር። ይሁንና በደንቡ ተጫዋቿ ኃላፊነት ያለባት በእያንዳንዱ ጉድጓድ ለተጻፈው ቁጥር እንጂ ለድምሩ አይደለም፤ በአንድ ጉድጓድ ላይ ከእውነተኛው ያነሰ ቁጥር ፈርማ ያስረከበች ከውድድሩ ትሰረዛለች። ፐንግ ተሰረዘች። የፐንግን ካርድ የያዘችውና ራሷም በዚያው ጉድጓድ ተመሳሳይ ስህተት የተጻፈባት ቤቲ ጄምሰን አብራ ተሰረዘች። በ1946 ለፍጻሜ የደረሰችው፣ በ1947 ያሸነፈችው፣ ኤልፒጂኤንም ከመሠረቱት አንዷ የሆነችው ጄምሰን ናት። ሻምፒዮናው በ299 ምት ለሮውልስ ተሰጠ።

የክለቡ አባላትና በስፍራው የነበሩ ሰዎች ወዲያውኑ ገንዘብ አዋጥተው ለፐንግ ሰጧት፤ የተዋጣው ገንዘብ ሮውልስ ካገኘችው 1,800 ዶላር ይበልጥ ነበር። ይህ ድርጊት ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ደግነት ምሳሌ ነው። ለአስተዳደር ጥናት ግን ሌላ ነገር ያመለክታል። በአንድ ቀን ውስጥ በአንድ ሜዳ ላይ ሁለት ፍርዶች ተሰጡ። አንደኛው የተመልካች ርኅራኄ የሰጠው ነው፤ ገንዘቡ የበዛ፣ ማዕረግ ግን የሌለው። ሁለተኛው ደንቡ የሰጠው ነው፤ ገንዘቡ ያነሰ፣ ማዕረጉ ግን የማይሻር። ከዚያ ወዲህ በታሪክ የ1957 ሻምፒዮን ተብላ የምትጠራው ሮውልስ ናት፤ ድሉም አራት ጊዜ ሻምፒዮን ከሆነችባቸው አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። ደንቡ በመሠረቱ ዛሬም አልተለወጠም።

ውሳኔው ፍትሐዊ ነበር ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ሊያከራክር ይችላል። ማንም ተጫዋች አልተጎዳም፣ ድምሩም አልተዛባም። ነገር ግን በዚያ ቀን ደንቡ ለሐዘኔታ ቢታጠፍ ኖሮ ከዚያ በኋላ ያለው እያንዳንዱ ድል ለድርድር የተጋለጠ ይሆን ነበር። ውድድሩ በተጫዋቾቹ እጅ ቢሆን ኖሮ ጓደኛሞች በጓደኛቸው ላይ እንዲህ ያለውን ፍርድ መስጠት እጅግ በከበዳቸው ነበር። የሴቶች ኦፕን ክብሩን ያገኘው ከተጫዋቾቹ ስሜት ከፍ ብሎ በመቆሙ ሲሆን፣ ሁለት ተጫዋቾች ዋጋውን የከፈሉትም በዚሁ ምክንያት ነው።

የበሩ ስፋት

«ኦፕን» የሚለው ቃል ክፍት ማለት ነው። ውድድሩ ለፕሮፌሽናሎችም ለአማተሮችም ክፍት ነው፤ በሌላ ውጤት በቀጥታ ለመግባት ያልቻለች ተጫዋች የተወሰነ የችሎታ ደረጃ ካሟላች በማጣሪያ ተወዳድራ ልትገባ ትችላለች። በ1967 የ22 ዓመቷ ፈረንሳዊት ካትሪን ላኮስት በቨርጂኒያ ግዛት ፕሮፌሽናሎቹን ሁሉ በልጣ አሸነፈች። አማተር በመሆኗ የሽልማት ገንዘብ አልተቀበለችም፤ እስከ ዛሬም ይህን ሻምፒዮና ያሸነፈች ብቸኛ አማተር ናት። የዕድሜ ገደብም ባለመኖሩ በ2007 የ12 ዓመቷ ሌክሲ ቶምፕሰን፣ በ2014 ደግሞ የ11 ዓመቷ ሉሲ ሊ ማጣሪያውን አልፈው ተወዳድረዋል።

የክፍትነቱ ትልቁ ፍሬ የታየው ከአገር ውጭ ነው። በ1998 በዊስኮንሲን ግዛት በብላክዎልፍ ረን ሜዳ የ20 ዓመቷ ደቡብ ኮሪያዊት ፓክ ሴ ሪ ከአማተሯ ጄኒ ቹዋሲሪፖርን ጋር እኩል ጨረሰች። በማግስቱ የተካሄደው የ18 ጉድጓዶች መለያም በእኩል ውጤት ተጠናቀቀና ፓክ ያሸነፈችው በተጨማሪው ሁለተኛ ጉድጓድ ላይ ነው። በመለያው በ18ኛው ጉድጓድ ኳሷ ከኩሬ ዳር ሲያርፍ ጫማዋንና ካልሲዋን አውልቃ ውኃ ውስጥ ገብታ የመታችው ምት በአገሯ በኢኮኖሚ ቀውስ ወቅት ላለ ሕዝብ የጽናት ምልክት ሆነ። ያንን ያዩ ልጃገረዶች ከአሥር ዓመት በኋላ ራሳቸው መጡ። ከ2008 እስከ 2020 ከተካሄዱት 13 ሻምፒዮናዎች 9ኙን ያሸነፉት የደቡብ ኮሪያ ተጫዋቾች ናቸው። በ2012 ውድድሩ ወደ ብላክዎልፍ ረን ሲመለስ ያሸነፈችውም ኮሪያዊቷ ቾይ ና ዮን ነበረች።

የበሩን ስፋት ሲናገሩ ጥበቱንም መናገር ይገባል። በደንብ ክፍት የሆነ ውድድር በተግባር የሚካሄደው በአብዛኛው በግል ክለቦች ሜዳ ላይ ነው፤ ብዙዎቹ ክለቦችም ለረጅም ዘመን ጥቁር አሜሪካውያንን በአባልነት አይቀበሉም ነበር። በዩኤስጂኤ ብሔራዊ ሻምፒዮና የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ተወዳዳሪ አን ግሪጎሪ ናት፤ እርሷም የገባችው በ1956 በሴቶች አማተር ሻምፒዮና ነው። ይህ የሆነው ማኅበሩ ያንን ውድድር ከጀመረ ከ61 ዓመት በኋላ ነው። በቴኒስ ዓለም የነገሠችው አልቲያ ጊብሰን በኤልፒጂኤ ውድድሮች መጫወት የጀመረችው በ1964 ነው። የጽሑፍ ደንብ በሩን ከፍቶ ሳለ፣ ልጅቷ ከሕፃንነቷ የምትለማመድበት ሜዳ ከተዘጋባት ክፍትነቱ ግማሽ ብቻ ይሆናል።

ሜዳው እንደ ማዕረግ

ዐቢይ ሻምፒዮና የሚካሄድበት ሜዳ ራሱ የማዕረግ ምንጭ ነው። ወንዶች በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች ሜዳ ኦፕናቸውን ከ1972 እስከ 2019 ስድስት ጊዜ ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በዚያው ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተወዳደሩት በ2023 ነው። በሳን ፍራንሲስኮው የኦሊምፒክ ክለብም የተወዳደሩት በ2021 ነው፤ በዚያ ያሸነፈችው ዩካ ሳሶ 20 ዓመት አልሞላትም ነበር።

ከሁሉ ይልቅ ለንጽጽር የሚመቸው የ2014ቱ ነው። በዚያ ዓመት ዩኤስጂኤ በሰሜን ካሮላይና በፓይንኸርስት ቁጥር 2 ሜዳ ላይ የወንዶችንና የሴቶችን ኦፕን በተከታታይ ሳምንታት አካሄደ። ለሴቶቹ ሜዳው አጠር ብሎ ቢዘጋጅም፣ ታሳቢው ወደ ጉድጓዱ የሚያቀርበውን ምት ሁለቱም ወገኖች በተቀራራቢ ዱላ እንዲመቱት ነበር። ወንዶቹን ማርቲን ካይመር በ271፣ ሴቶቹን ሚሼል ዊ በ278 ምት አሸነፉ። ሜዳው ለሁለቱም አንድ ዓይነት ፈተና ሆኖ ሳለ ሽልማቱ ግን አንድ አልነበረም፤ ካይመር 1.62 ሚሊዮን ዶላር ሲወስድ ዊ 720,000 ዶላር ወሰደች።

ገንዘቡ

የፓይንኸርስት ንጽጽር ወደ መነሻው ጥያቄ ይመልሳል። በ2014 የሴቶቹ ጠቅላላ ሽልማት 4 ሚሊዮን፣ የወንዶቹ 9 ሚሊዮን ዶላር ስለነበር የሴቶቹ ከወንዶቹ 44 በመቶ ያህል ነበር። በ2021 የሴቶቹ 5.5 ሚሊዮን ደርሶ፣ በ2022 በአንድ ጊዜ ወደ 10 ሚሊዮን ዘለለ። በ2024 ደግሞ 12 ሚሊዮን ሲሆን የወንዶቹ 21.5 ሚሊዮን ነበር፤ ድርሻው ወደ 56 በመቶ ከፍ አለ ማለት ነው።

የ2022ቱ ዝላይ ምክንያት ትኩረት ይሻል። ገንዘቡ ያደገው ሻምፒዮናው ከስሙ ጎን የስፖንሰር ስም እንዲጠራ በመፍቀዱ ነው። በዩኤስጂኤ ሥር ሲመራ ከስሙ ጋር የሌላ ድርጅት ስም ሳያስጠራ ለአሥርት ዓመታት የቆየው ውድድር በመጨረሻ ይህን መንገድ ተከተለ። ሆኖም የስፖንሰሩ ስም የገባው እንደ ተቀጥላ እንጂ እንደ ስያሜ አይደለም፤ የመጀመሪያው ስፖንሰር ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሌላ ሲተካም የውድድሩ ስም፣ ደንብና ባለቤት አልተነካም። በ1946 የስፖኬን ለጋሾች ገንዘባቸውን ይዘው ሲወጡ ውድድሩ ሊፈርስ ተቃርቦ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የገንዘቡ መጠን ሳይሆን ገንዘቡን የሚቀበለው ተቋም ጽናት ነው።

በአንጻሩ የተቋም ጽናት ብቻውን እኩልነትን አያመጣም። አንድ አካል ሁለቱንም ኦፕኖች ከ1953 ጀምሮ ሲያካሂድ ኖሮ የሴቶቹ ሽልማት ከወንዶቹ ግማሽ በታች ሆኖ መቆየቱ ለዚህ ማስረጃ ነው። በቴኒስ የዩናይትድ ስቴትስ ኦፕን በ1973 ለሁለቱም ጾታዎች እኩል ሽልማት መክፈል የጀመረው በቢሊ ጂን ኪንግ የሚመሩ ተጫዋቾች አጥብቀው በመሟገታቸው ነው። የቴኒስ ሴቶች የራሳቸውን ድምፅ ይዘው በትልቁ መድረክ ላይ ስለቆዩ መደራደር ችለዋል። የጎልፍ ሴቶች ግን ሻምፒዮናቸውን ባስረከቡ ጊዜ፣ በዚህ አንድ ውድድር ላይ የመደራደሪያ ዋና ጉልበታቸውንም አብረው አስረክበዋል።

መደምደሚያ

የዩናይትድ ስቴትስ የሴቶች ኦፕን ታሪክ የሚያስረዳው ዐቢይነት በአንድ ቀን የሚሰጥ ማዕረግ አለመሆኑን ነው። ደንቡ ለማንም በማይታጠፍ፣ በሩ ለማታውቀው ተጫዋች ክፍት በሆነ፣ ባለቤቱም ከስፖንሰር መምጣትና መሄድ በላይ በቆመ ውድድር ላይ ከዓመት ዓመት እየተጠራቀመ የሚመጣ ነው። በገንዘብ የተጀመሩ ውድድሮች ገንዘቡ ሲሄድ ስማቸውን፣ ስፍራቸውን ወይም ህልውናቸውን አጥተዋል። በተቋም የጸናው ግን ገንዘቡን ዘግይቶ አገኘ።

ይህ መደምደሚያ ለሴቶች ስፖርት አስተዳደር የሚያቀርበው ትምህርት ሁለት ፊት አለው። ሴቶች በገዛ እጃቸው ያቋቋሙት ውድድር እንዲጸና ከተወዳዳሪዎቹ በላይ የሆነ ዳኛና ቋሚ ባለቤት ያስፈልገዋል፤ የ13ቱ መሥራቾች ማኅበርም ይህን ተረድቶ በ1953 ወስኗል። ነገር ግን ርክክቡ ሲፈጸም በሽልማት አወሳሰን ላይ የተጫዋቾቹ ድምፅ የሚሰማበት መንገድ አብሮ ካልተጻፈ፣ ክብሩና ክፍያው ለብዙ ዘመን ተለያይተው ይጓዛሉ። በ1953 ከተደረገው ርክክብ እስከ 2022 ዝላይ ድረስ 69 ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ አዲስ የሴቶች ውድድር የሚያቋቁሙ ፌዴሬሽኖችና ማኅበራት ይህን ርቀት ሊያሳጥሩ የሚችሉት ሁለቱን ጥያቄዎች፣ ማለትም ማን ይዳኛል የሚለውንና ማን ይደራደራል የሚለውን፣ ገና ከመነሻው ለይተው መልስ ሲሰጧቸው ነው።